እስኪሽር ድረስ

«ቁስሉማ ሊገጥም ምን ቀርቶት ነበር! ጥላ ወግቶት ነው እንጂ።»

ይህን ያሉት እመት ገላነሽ ናቸው። የሚነግሩት ለጎረቤታቸው ለአማከለች ሲሆን የሰማችው ግን መስማት ያልነበረባት ምራታቸው ካሰች ናት። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሁዳዴ ተጋምሷል። ካሰች ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን እንዳዘለች ከአጥሩ ውጭ ቀጥ አለች። አጥሩ የሸምበቆ ነው፤ የሸምበቆ አጥር ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። «የሚያጥበው እጅ ንጹሕ ተሆነ ሦስት ወር ሙሉ ምን ያመረቅዘዋል?» አሉ ደግሞ አማቷ። «ብቻዋን በጭነት መኪና ጎንደር ድረስ ሄዳ፣ አድራ የመጣች ሴት… እኔ ምን አውቃለሁ! በሁዳዴ፣ አማከለች! በሁዳዴ!» አማከለች «ወይ ጉድ» አለች። ይህች ሴት «ወይ ጉድ»ን ለሠርግም ለልቅሶም ትጠቀምበታለች፤ ያን ዕለት ግን ድምፅዋ ጥጋብ ጥጋብ ይል ነበር፤ እስከ ማታ የምታወራው ነገር አግኝታለችና።

የጥላን ነገር ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሰው ጋር ተኝቶ ሳይታጠብ ቁስለኛ የጠየቀ ሰው ጥላው ያርፍበታል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል ይባላል። ስለዚህ ቁስለኛ በመጋረጃ ይከለላል፤ ራሱን የሚጠረጥር ጠያቂም ከደጅ ሆኖ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ይመለሳል። ልማዱ ለራሱ ክፉ አይደለም፤ ሥራ ፈት ጠያቂ ያሳንሳል። ክፋቱ የሚመጣው ቁስሉ አልሽር ያለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ፍለጋውም ሩቅ አይሄድም፤ ከቁስሉ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ይይዛል። ከስማቸው ቁስል አጠገብ ደግሞ ከሚስቱ ሌላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ካሰች ገብታ እንስራዋን አወረደች። አማከለች ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «ቆየሽ፤ ውኃው ደፍርሶ ነው?» አሉ እመት ገላነሽ። «ሰው በዝቶ ነው» አለች ካሰች። ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ልጅ በመሐል ስላልነበረ የሚነጋገሩበትም ነገር ብዙ አልነበረም። ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ አለ፤ ድሩ ከታኅሣሥ ጀምሮ እንደ ተወጠረ፣ ጋቢው ከእኩሌታው ላይ እንደ ቆመ ነው፤ አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ እንደ ግድግዳው ሆኗል። ከጉድጓዱ ወዲያ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ በሆዱ የተኛ ባል። ካሰች በሰሞኑ ሐዘን ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ አባቷ ኅዳር ላይ በትውልድ አገሯ በአንበሳሜ ሞተውባት ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣም በየሳምንቱ ትላጨዋለች።

ጨርቆቹን ቀቀለች። ጨርቅ በዚያ ቤት አይጠፋም፤ ራሷ የፈተለችውን ባሏ የሸመነው አሮጌ ነጠላ ነው፣ በቀጭን በቀጭኑ የተቀደደ። እጇን በሳሙና አሽታ ታጠበች፤ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «እንዴት አደርህ?» አለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያው ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እጇን ይዞ ይስም ነበር። እየቆየ ግን ዓይኗን ማየት ተወ። ራሱ እንኳ አይቶት የማያውቀውን የገላውን ክፍል ሚስቱ በየቀኑ በብርሃን አይታዋለች፤ በየቅዳሜው በምላጭ ዙሪያውን ላጭታዋለች። ለዚህ ሰው ያመሰግናል ትሉ ይሆናል። ስማቸው ግን ማፈሩ በረታና ቂም ሆነበት። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ያየችበትን ሴት ይቅር አይልም።

ጨርቁን ስታነሣ ሽታው መጣ። የቁስል ሽታ ቢሆን ለምዳዋለች። ይህ የቅቤ ሽታ ነው። በሁዳዴ፣ ዘይት እንኳ በጥንቃቄ በሚፈስበት ቤት፣ የቅቤ ሽታ እንደ ሰው ጩኸት ነው፤ የት እንዳለ ለማወቅ መፈለግ አያሻም። ጨርቁም እርሷ እንዳደረገችው አይደለም። እርሷ እስከ ታች አስገብታ ጫፉን በውጭ ትተወዋለች፤ አሁን ተጣጥፎ ከላይ ብቻ ተደፍቷል። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ሦስቱም ጊዜ እርሷ ቅዳሜ ፈትል ልትሸጥ ገበያ በዋለች ማግሥት።

«ስማቸው፣ ትናንት ገበያ ሳለሁ ማን ነካው?»

«ማንም።»

«ቅቤ ይሸታል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ የማይሸትሽ የለም» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ካሰች ውኃውን በጨው አድርጋ አጠበችው፤ ቅቤው እየተንሳፈፈ ወጣ። ጠይቃ መልስ ያጣችው አሁን ብቻ አልነበረም፤ መልሱንም ታውቀዋለች። ማወቅና ማስነገር ግን ለየቅል ናቸው።

የስማቸው ሕመም ከመቀመጫው በላይ፣ የጀርባ አጥንት በሚያልቅበት ስንጥቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ብጉንጅ መስሎ ወጣ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ፤ ደግሞ ወጣ። ጎንደር ያለው ሐኪም ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚው ግን የደብረ ታቦር ልጅ ስለ ሆነ ነገሩን ሳይሸራርፍ ነገራቸው። ይህ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ሕመም ነው፤ ሾፌርና ሸማኔ ይወዳል። ሰው ተቀምጦ ሲወዛወዝ የረገፈ ፀጉር በስንጥቁ ይገባና ቆዳውን ይበሳል፤ ከውስጥ ጎሬ ያበጃል፤ ፀጉር እስካለበት ድረስ አይሽርም። «ክር በመርፌ እንደሚገባ ማለት ነው» ሲባል ስማቸው ገባው፤ ራሱን ነቀነቀ።

መድኃኒቱ ሁለት መንገድ አለው አለ ሐኪሙ። አንደኛው የታመመውን ሥጋ ቆርጦ አውጥቶ መስፋት ነው። ይህ በሁለት ሳምንት ይገጥማል፤ ሸማኔውም ወር ሳይቆይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። ክፋቱ ከላይ ገጥሞ ከታች ባዶ ሊቀር መቻሉ ነው፤ ስፌቱም ከዚያው ስንጥቅ መሐል ስለሚውል ፀጉር እንደገና ሊገባበት ይችላል። ስማቸው ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገለት ይኸው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ፈነዳ። ሁለተኛው መንገድ ቆርጦ አውጥቶ ሳይሰፉ ክፍቱን መተው ነው። የእንቁላል ያህል ጉድጓድ ይሆናል። በየቀኑ ይታጠባል፤ የተቀቀለ ጨርቅ እስከ ታች ይገባበታል፤ አፉ ከሆዱ ቀድሞ እንዳይዘጋ ይጠበቃል፤ ዙሪያውም ይላጫል። እንዲህ ሲሆን ከሥር ወደ ላይ እየሞላ በሦስት በአራት ወር ይድናል፤ ከዳነም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። «ነገር ግን» አለ አስተርጓሚው የሐኪሙን ጣት ተከትሎ ጣቱን እያነሣ፣ «በየቀኑ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል። ማን አለህ?» ስማቸው ወለሉን አየ። ታላቅ ወንድሙ ገሰሰ አብሮ ነበር፤ እርሱም ወለሉን አየ። ካሰች «እኔ አለሁ» አለች። ይህችን ቃል ስትናገር ደስ ብሏት እንደ ነበር ኋላ ታስታውሳለች። ሰው ራሱን የሚያስርበትን ገመድ ሲፈትል ደስ ይለዋል መሰል።

ቁስሉ ሁለት ወር ያህል እንደ ተባለው ሞላ። ጉድጓዱ ከእንቁላል ወደ ባቄላ ወረደ። ከዚያ ቆመ፤ አፉ መዝጋት ሲጀምር ከሥሩ ውኃ ያዘ። ጨርቁ የሚነከርበት መድኃኒት አልቆባት ጠዋት አጥባ በጭነት መኪና ጎንደር ሄደች፤ ዘመድ ቤት አድራ በማግሥቱ ቀትር ደርሳ አጠበችው። ለወሬ የበቃው ያ አንድ ሌሊት ነው።

ረፋዱ ላይ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ገሰሰ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረማርያምንና ወጌሻውን አያ አድማሴን ይዞ መጣ። ካሰች እንደሚመጡ አልተነገራትም ነበር፤ ጠላው ግን ተጠምቆ፣ ሽምብራው ተቆልቶ ሲጠብቃቸው አየች። ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ከብት መኖ፣ ርብ ወንዝ ላይ ስለ ሰጠመ አህያ ተጫወቱ። የጤፍ ዋጋ ጨመረ ተባለ፤ ጨው ደግሞ ከጤፍ ባሰ ተባለ። ካሰች ቀድታ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች። የመጡበትን ነገር ለማንሣት ማንም አልቸኮለም፤ አገራችን ሰው ከቤት የሚያስወጣው ጠላው ሁለት ዋንጫ ከወረደ በኋላ ነው።

ገሰሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ አድማሴ፣ የፈረንጁን ነገር አየነው። አንዴ ሰፋ፣ ተመለሰ። አንዴ ከፈተ፣ ይኸው ክፍት ቀረ። አንተ ተኩሰህ የምትገላግለን ተሆነ ብለን ነው።» አያ አድማሴ የመተኮሻ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ አጋድሞታል፤ እሳቱም ከምድጃው ፍም ሆኖ ይጠብቃል። «እስቲ በብርሃን ልየው» አለ። መጋረጃው ተገለጠ። ስማቸው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ቄሱ ወደ ጣሪያው፣ ገሰሰ ወደ ደጅ አዩ። ወጌሻው ተንበርክኮ፣ ካሰች ጠዋት ያስገባችውን ጨርቅ ሳበና አሽተተው።

«ይኼ የምን ቅቤ ነው?»

ታጥቦም ሽታው አልለቀቀም ነበር። ቄስ ገብረማርያም ዋንጫቸውን አስቀመጡ። እመት ገላነሽ ፍሙን ሊቆሰቁሱ ወደ ምድጃው ዞሩ፤ ፍሙ ግን መቆስቆስ አያሻውም ነበር። «ለመድኃኒት ተሆነ ቤተ ክርስቲያን አትከለክልም» አሉ ቄሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ካሰች ስታያቸው ነገሩ ቀድሞ ጆሯቸው እንደ ደረሰ ገባት፤ ከማን እንደ ደረሰም አልጠፋትም።

አያ አድማሴ ወረንጦውን አወጣ። አንድ ጊዜ አስገብቶ ባዶውን ሳበ። ሁለተኛ ጠለቅ አድርጎ አስገባና ቀስ እያለ ጎተተ፤ ስማቸው አቃሰተ። የሚወጣው ነገር ማለቂያ አልነበረውም። ወጌሻው እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሣ ከወረንጦው ጫፍ አንድ ፀጉር ተንጠለጠለ፤ ክንድ ይሆናል፣ ነጭ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ይቆጠር ቢባል ነገሩ ቀላል ነበር። የስማቸው ፀጉር ጥቁርና ከርዳዳ ነው። ገሰሰ መላጣ ነው። ቄሱ ከጥምጣማቸው ሥር የሚጎተት ፀጉር የላቸውም፤ ካሰችም ራሷ እንደ ዱባ ልሙጥ ነው። በዚያ ዕድሜያቸው ሹሩባቸውን ያልተዉ፣ እሑድ እሑድ በፀሐይ ተቀምጠው የሚፈቱና የሚያበጥሩ፣ በጎረቤትም በፀጉራቸው ርዝመት የሚታወቁ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ሁሉም ገባው። የማይገባ ነገር አልነበረበትም።

«ፀጉር ነው» አለ አያ አድማሴ፤ ወረንጦውንም በጨርቁ ጠረገው።

«እስቲ ርዝመቱን ለአባ ያሳዩዋቸው» አለች ካሰች። ምሰሶውን ጨብጣ ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ ሻሿን ፈታችው። በወንዶች ፊት፣ በነፍስ አባቷ ፊት፣ የተላጨ ራሷን ገለጠች። «የእኔ ይኸው፤ ቁስሉ ተተቆረጠ ወዲህ በራሴ ላይ ፀጉር አልበቀለም። ጥላ ወጋው እያላችሁ ስታሙኝ ሰምቻለሁ። እኔ ገበያ ስውል ጨርቁን አውጥቶ ቅቤ የሚቀባው ሰው አለ። ልቡ ደግ ሊሆን ይችላል። ግን ተኔ ላይ ሐሜቱን ያንሡልኝ።»

እመት ገላነሽ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደው ጠርዙን ወደ ውስጥ መለሱት። ቄስ ገብረማርያም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው እንደ ማዘን አለ። ያዘኑት ግን ለካሰች አይመስለኝም፤ የእሑድ ቀናቸው እንዲህ በመክበዱ ነው። «ፀጉር እኮ ነፋስም ያመጣዋል ልጄ» አሉ።

ገሰሰ ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ። «ስማቸው፣ እንደ እግዚአብሔር ተናገር። ተካሰች በቀር ቁስልህን የነካው ሰው አለ?» ቃሉ ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ግን መልሱን ጎርሶ ይዞ የመጣ ነበር። ስማቸው ከክንዱ መሐል በአንድ ዓይኑ አየ። መጀመሪያ እናቱን አየ፤ ምድጃው አጠገብ ተጨማደው ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ሚስቱን አየ፤ ራሷ ባዶ ነው። ሦስት ወር ያጠበችው ገላ ነው፤ አንዲት ቃል ያበድረኛል ብላ ነበር። ከመንገዱ ላይ አንድ መኪና ወደ አዲስ ዘመን ከተማ ሲያልፍ ተሰማ።

«የለም» አለ።

ይህን ስተርክ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሴትዮዋ ያደረጉት ካለማወቅ ነው፤ እርሱ ያደረገው ግን እያወቀ ነው። በሆዱ የተኛ ሰው ከጀርባው የማን እጅ እንዳለ ያውቃል። ሦስት ቅዳሜ የእናቱ ጣት ሲዳብሰው «ተይ እምዬ» አላለም፤ አሁን ደግሞ «እምዬ ናት» አላለም። ፈሪ ሰው ክፉ ሰው ነው ማለት ያስቸግራል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁለት ሆነ። አያ አድማሴ ብረቱን ወደ ጉያው መለሰ። «እኔ ይኼን አልተኩስም። ጎሬው ጠሊቅ ነው፤ ብተኩሰው አፉ ይዘጋል፣ ሆዱ ይቀራል፤ ነገ በኔ ስም ይነሣል። ጎንደር መልሱት» አለ። «ጎንደር ምን ሊያደርጉት?» አለ ገሰሰ፤ ራሱም መለሰው። «እንግዲያው ይስፉት። መቼም የተሰፋ ቁስል ሚስት አይፈልግም።» ማንም አልሳቀም፤ ቀልድ አልነበረምና። ሁለቱ መንገዶች ያን ቀን እንደዚህ ተመዘኑ። የቱ ያድናል፣ የቱ ይመለሳል ያለ የለም። በአንደኛው መንገድ ካሰች ታስፈልጋለች፣ በሁለተኛው አታስፈልግም፤ ሚዛኑ ይኸው ነበር።

ፍርዱን የሰጡት ቄሱ ናቸው፤ በለስላሳ ቃል። «ካሰች ልጄ፣ ማንም አላባረረሽም፤ ማንም አላማሽም። ዘመኑ ጾም ነው፤ ነገር አናብዛ። እስኪሽር ድረስ አንበሳሜ እናትሽ ዘንድ ቆይ። የሻረ እንደ ሆነ ትመለሻለሽ። እስኪሽር ድረስ ነው።» ገሰሰ «እስኪሽር ድረስ ነው» አለ። ካሰች ሻሿን መልሳ አሰረች፤ ቋጠሮው እምቢ ስላላት ሁለት ጊዜ አሰረችው።

የምትይዘው ብዙ አልነበረም፤ ሌላ ቀሚሷን፣ እንዝርቷን፣ ጥቂት ባዘቶ። እመት ገላነሽ ሳይጠሯቸው ቀርበው ስንቅ ቋጠሩላት፤ ከቆሎው አድርገው፣ ዳቦም ጨምረው፣ ለመንገድ የሚበቃውን ሁለት እጥፍ አደረጉት። ዓይናቸው ዓይኗን አላየም። ቋጠሮውን ሲያቀብሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቱ የሞተው በክፍት ቁስል ነው፤ እግሩ እንደ ተከፈተ። ታውቂ የለም?» አሏት።

«አውቃለሁ እማማ።»

«ጨርቅ የተወተፈበት ቁስል እንዴት ብሎ ይገጥማል? አፉን እየወተፍሽው?»

ካሰች ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች፤ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚሞላው ልትል። ተወችው። ይህን ታኅሣሥ ላይ ነግራቸዋለች፤ ጥርም ላይ፣ የካቲትም ላይ። እናት የፈሩትን እንጂ የተነገራቸውን አይሰሙም። አሁን እንኳ ያዘኑላት ይመስላሉ፤ «እኔ ነኝ የነካሁት» የምትለዋ ቃል ግን ከጉሮሯቸው አልወጣችም፤ ለልጃቸው ጉዳት ምክንያቱ እርሳቸው ናቸው ማለት ነውና ይህን ችሎ የሚኖር የእናት ሆድ የለም። ካሰች ይህም ገብቷት ነበር። የገባት ነገር ሁሉ ግን ከመሄድ አላዳናትም።

ወንዶቹ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ወጌሻው የከፈተው ቁስል ባዶውን ስለ ነበር ካሰች ተመልሳ መጋረጃውን ገለጠችው። ትታው መሄድ ትችል ነበር፤ ለምን እንዳልቻለች እርሷም አታውቅም። እጇን ታጠበች፣ አጠበችው፣ ጨርቁን እስከ ታች አስገባች፣ ጫፉን በውጭ ተወችው። ጣቷ ራሱ ያውቀዋል፤ እየጨረሰች ሳለ ስማቸው ጠራት።

«ካሰች።»

«አቤት።»

«የቱ ይሻለኛል ትያለሽ? የሚሰፋው ወይስ ክፍቱ?»

መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ይቅርታ ሊላት መስሏት ነበር። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ በጥርሷ ያዘችው። ከቤቱ የሚያስወጣት ሰው ከመውጣቷ በፊት ምክር ይጠይቃታል፤ ምክሯን የሚጠይቃት ደግሞ ስለ ቁስሉ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እንደሌለው ስለሚያውቅ ነው። ንጹሕ መሆኗንም እንደዚሁ ያውቃል። ልትዋሸው ትችል ነበር። አልዋሸችውም፤ ሦስት ወር የለፋችበት ነገር ነው፣ እንዲበላሽ አትወድም።

«ክፍቱ ይሻልሃል» አለች። «የተሰፋው ቶሎ ይገጥማል፣ ቶሎ ያኮራሃል፤ ግን ያንተ አንዴ ተመልሷል፣ ይመለሳል። ክፍቱ ሊሞላ የቀረው የጣት ጫፍ ነው። ፀጉርና ቅቤ ታልገባበት እስከ ግንቦት ይድናል። ብቻ በየቀኑ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጥላዬ ከባድ ነው» አለችና ጎድጓዳውን ሳህን አንሥታ ወጣች። ውኃውን ከአጥሩ ሥር ደፋችው፤ ሳህኑን አጥባ በቦታው ሰቀለችው። የቄሱን ጉልበት ስማ ተሰናበተች። ከዚያ ወደ ጉማራ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ያዘች፤ ከድልድዩ አጠገብ አክስቷ ቤት አድራ በማግሥቱ አንበሳሜ ገባች። ለእናቷ ነገሩን ስትነግራት እናቷ ቦታ ለቀቀችላትና ጥጥ አቀረበችላት።

ስማቸው ከፋሲካ በኋላ ጎንደር ሄዶ ተሰፋ። ሐኪሙ ክፍቱ እንደሚሻል ቢነግረውም የሚያጥበኝ የለኝም አለ። በሁለት ሳምንቱ ድኖ መጣ፤ እመት ገላነሽ እልል አሉ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ያ አቧራ የጠጣ ጋቢ ተራግፎ ተሸመነ። ሰኔ ላይ ስማቸው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲወረውር መንገደኛ ሁሉ እያየ «ሸማኔው ሽሮለታል» ይል ነበር። ወሬው ገበያ ለገበያ ተሻግሮ አንበሳሜም ደረሰ። ካሰች ሰማች፤ ቀሚሷን አጥባ ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቀች። ሽሯልና ነዪ ያላት ሰው አልመጣም። በክረምቱ የፎገራ ሜዳ በውኃ ተኛ፣ መንገዱ ተዘጋ፤ እርሷም መጠበቁን ተወችው።

መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል ገሰሰ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ አንበሳሜ መጣ። የካሰች እናት እግሩን አስታጠበችው፤ ጠላ ቀዳችለት። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሽምብራው ተጫወተ። ሁለተኛው ዋንጫ ሲወርድ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁስሉ ተመልሶ ፈንድቷል፤ ከበፊቱ ብሷል፤ ሐኪሙ አሁንስ ክፍቱን እንጂ አልሰፋም ብሏል። እናቱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የእርሱ ሚስት አልነካም ብላለች። «ስማቸው ይጠራሻል» አለ። «ያለፈው አለፈ። በቃ ተነሽና ቤትሽ ግቢ።»

ካሰች ስትፈትል ነበር። እንዝርቱን እስኪቆም ጠበቀችው፤ ክሩን በጣቷ ቋጨችው።

«እስኪሽር ድረስ ቆይ አላላችሁኝም?» አለች። «የሻረ ዕለት እመጣለሁ።»